ስፒል በከንፈር

ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ታናሺቱ ደግሞ አልቃሻ፤ አልቅሳ የማታገኘው ነገር የለም። ቤተሰቡ አንዷን «ቻይ»፣ ሌላዋን «ሆደ ባሻ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ከጡረተኛው አባታቸው ጋር አንድ ቤት ይኖራሉ፤ የፊተኛው ክፍል የቻይ ሱቅ ነው።

ሆደ ባሻ ሲከፋት ታለቅሳለች፤ ሲቆጧት ታለቅሳለች፤ አልቅሳ ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠራርጋ የቀረበላትን ሙልጭ አድርጋ በልታ ለጥ ብላ ትተኛለች። እሷ ባለቀሰች ቁጥር አባትየው ከወንበራቸው ተነሥተው «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያሉ ትከሻዋን ይደባብሳሉ። መድኃኒታቸውን የምትገዛው፣ ጥፍራቸውን የምትቆርጠው፣ ሲያስሉ ውሃ ይዛ የምትሮጠው ግን ቻይ ናት። እሷን ማን አይዞሽ ይበላት? ቻይ ናታ።

ትቀና ነበር። በሌላ ነገር አይደለም፣ በዚያች በአባቷ እጅ። እጅየዋ የእኅቷ ትከሻ ላይ ባረፈች ቁጥር አንጀቷ ያርራል። ያኔ ሆድ ይፍጀው ብላ ስፒሎቿን በከንፈሯ ትይዛለች። ስፒል አፉ ውስጥ ያለ ሰው አይናገርም፤ ቢናገር ይውጠዋል። ደንበኞቿም ይህን ለምደው እነሱ ይጠይቃሉ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ መነቅነቅ ማለት እሺ ነው። እየዋለ ሲያድር ክፉ ነገር የሚመጣ ከመሰላት፣ የምትሰፋው ባይኖርም ስፒል መያዝ ጀመረች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ጨጓራ ግን ይነቅዛል። ሕመሙ ሲጠናባት ሐኪም ዘንድ ሄደች። መርምሮ መድኃኒት አዘዘላትና፣ ሲናደዱ ምን ያደርጋሉ ብሎ ጠየቃት።

«እሰፋለሁ።»

«ሲያዝኑስ?»

«ያው እሰፋለሁ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መድኃኒቱ የድርሻውን ይሠራል፣ ሁሉን በሆድ አምቆ መያዝ ግን ሕመሙን ያባብሰዋል፤ እስቲ ለአንድ ሰው የሆድዎን ይንገሩ አላት። ቤቷ ስትገባ ሆደ ባሻ ስለጠፋ ጃንጥላ እያለቀሰች፣ እጅየዋም የተለመደ ቦታዋ ላይ ነበረች። የእኅቷ ጤንነት ራሱ አስቀናት። ያቺን ልጅ ጉንፋን እንኳ አይደፍራትም!

ብዙም ሳይቆይ ሆደ ባሻ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። ቻይም ለሥራው የሚሆን ጉርድና ኮት ትሰፋላት ጀመር። ተንበርክካ የጉርዱን ጠርዝ ስትለካላት ታናሺቱ ከላይ ሆና ተናገረች።

«እትዬ፣ አባባን ይዣቸው ብሄድስ? አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

አባትየው ከወንበራቸው ቀና ብለው መልሱን ጠበቁ። ቻይ አፏ ውስጥ ስፒል ነበር። እንደ ልማዷ ራሷን ነቀነቀች። አባትየው አቀረቀሩ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የበላችው ሁሉ አልረጋላት አለ። ለማን ትናገር? እሺ ያለችው ራሷ ናት። የሚሄዱበት ቀን ደረሰና ታክሲው በር ላይ ቆመ። ሆደ ባሻ ጠርዙ ትንሽ ይውረድልኝ ስላለች ቻይ አሁንም ተንበርክካ፣ ስፒል በከንፈሯ ነበር። አባትየው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከውስጥ ወጡና «በይ ደህና ሁኚ፣ ቻይ ልጄ» አሏት።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አባትየው እስክትጨርስ ቆመው አዩአት።

«አባባ፣ አይሂዱብኝ።»

«አንቺው አይደለሽ እሺ ያልሽው?»

«ስፒል አፌ ውስጥ ሆኖ በልማድ ነቀነቅኩ እንጂ! ቀንቼ ነበር። እሷ ስታለቅስ ይደባብሷታል። እኔን አንድ ቀን ደባብሰውኝ ያውቃሉ? ቀናሁ፣ ዋጥኩት፣ ታመምኩ።»

አባትየው ሻንጣውን መሬት ላይ አኖሩት። «ራስሽን ስትነቀንቂ ሰለቸኋት አልኩ» አሉ። «እኔም ዋጥኩት።»

እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። ቻይም አለቀሰች፤ ማልቀስ ስለማታውቅበት ድምፅዋ ዘይት እንዳጣ የስፌት መኪና ይንቋቋ ነበር።

ሆደ ባሻ እዚያው በቆመችበት እሷም ማልቀስ ጀመረች። እንደ ወትሮው ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ማንም አልመጣም።