ጓሳ ላይ የቆመው መርከብ

«ማንም እንዳይወርድ!» አለ ረዳቱ በኃይሉ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ። «የወረደ ሰው አውቶቡሱን መልሶ አያገኘውም። ሽንቱ የመጣ እንኳ አንድ እጁን ጎማው ላይ አድርጎ ነው የሚሸና።»

ቀልድ አልነበረም። ከመሐል ሜዳ የተነሳው አውቶቡስ ጓሳ ላይ ሲደርስ ጉም ዋጠው። ሾፌሩ ዳኜ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን እየዳበሰ ትንሽ እንደነዳ የገደሉን አፍ ከጎማው አጠገብ አየው። ፍሬን ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ጋቢውን ተከናነበና «እግዜር ሲገልጠው እንሄዳለን» አለ። ሰዉ እግዜርን ትቶ ዳኜን ወቀሰ፤ ዳኜ ይቀርብ ነበር። ሞባይል ያላቸው ሞባይላቸውን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው ሞከሩ፤ ኔትወርክ የለም። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው «እንኳን ለአዲሱ ሚሊኒየም አደረሳችሁ» ብቻ በጉሙ መሐል ደምቆ ይታያል።

ከኋላ ወንበር፣ መስኮት ሥር፣ እፀገነት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ጎህ ሳይቀድ ከመንደሯ ስትወጣ ለአማቷ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ ብላ ነበር። ደብረ ብርሃን አክስት አለቻት፤ ነይ እንጂ ሥራ አይጠፋም ብላታለች። መኪናው ጣርማ በርን ካለፈ የባሏ ሰዎች አይደርሱባትም። አሁን ግን መኪናው ቆሟል፤ ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ የባሏ አጎት አቶ ወዳጆ ተቀምጠዋል። ሲሳፈሩ አላዩዋትም። እሷ አይታቸዋለች፤ ስታያቸው ግን በሩ ተዘግቶ ነበር።

መስኮቷን ጣት በምታስገባ ልክ ከፍታዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዝጊው እንጂ! ብርድ ልታስመቺን ነው?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ቅቤ ነጋዴ ጥሩሸዋ።

«ያጥወለውለኛል» አለች እፀገነት በለሆሳስ።

«የቆመ መኪና ምኑ ያጥወለውላል?»

በኃይሉ ሰዉ እንዳይነጫነጭ ብሎ ከሾፌሩ ራስ በላይ የተንጠለጠለችውን ቴሌቪዥን ከፈተ። የዘፈኑ ሲዲ ተሰንጥቋል። የቀረው ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች ወንበር ላይ ረስተውት የሄዱት ብቻ ነው። ፊልሙ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ መርከብ በበረዶ መሐል ይሄዳል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ይሥሐቅ እንዲተረጉም ተጠየቀ፤ ፈረንጁ ብዙ ሲናገር በጥቂት፣ ጥቂት ሲናገር በብዙ እያደረገ ተረጎመ።

«የምድር ጫፍ ነው ይላል። ከዚያ ወዲያ አገር የለም። ጠዋት ጠዋት ስለ በረዶ ይማራሉ። ከሰዓት ካርታ ይጫወታሉ፣ ሲመሽ ይዘፈንላቸዋል።»

«ወደብ እስኪደርሱ ነው?» አሉ አቶ ወዳጆ።

«ወደብ የላቸውም፣ ጋሼ። ዞረው ይመለሳሉ።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ሄዱ?»

«ብርዱን ሊያዩ። ከፍለው ነው።»

አውቶቡሱ ውስጥ እጁን ብብቱ ውስጥ ያልከተተ ሰው አልነበረም።

«እኛ ዘንድ ቢመጡ በግማሽ ዋጋ እንሸጥላቸው ነበር» አሉ አቶ ወዳጆ። ሳቁ መስታወቶቹን በእንፋሎት ሸፈናቸው።

ቀጥሎ እንደ ሰው ቆመው የሚሄዱ ወፎች መጡ፤ በነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ካባ የደረቡ ይመስላሉ። ተሰልፈው ሲያልፉ አንዲት ባልቴት ከልማድ የተነሳ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ያረጀ ፈረንጅ ልብሱን አወላልቆ፣ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት፣ በረዶ ከሚንሳፈፍበት ውሃ ዘሎ ገባ። የቀሩት አጨበጨቡለት።

«ውይ!» አለች ጥሩሸዋ። «ምን አድርጎ ነው የተፈረደበት?»

እፀገነት ሰውየውን አላየችም፤ ገመዱን ነበር የምታየው። ጫፉን መርከቡ ላይ ሆነው የያዙ ሰዎች ነበሩ።

ዳኜ «ባትሪዬን ጨረሳችሁት» ብሎ አጠፋው። በኃይሉን ግን የመርከቡ ነገር ማርኮታል። «እንግዲህ እኛም ፕሮግራም ይኖረናል!» አለ። መምህር ይሥሐቅ ጉም እንዴት እንደሚፈጠር አስተማረ፤ ጉሙም ትምህርቱን የሰማ ይመስል ወፈረ። ለፈቃድ የሚሄድ አንድ ወታደር ዘፈነ፤ እንዲያቆም ተለመነ። በዚህ ጊዜ አቶ ወዳጆ ተነስተው ፊታቸውን ወደ ተሳፋሪው አዞሩ።

«እኔ የማውቀው ማስታረቅ ብቻ ነው። አዲስ አበባም የምሄደው የተጣሉ ወንድማማቾች ልሸመግል ነው። ጠብ ያለው ያምጣልኝ!»

«እኔ አለኝ!» አለች ጥሩሸዋ። «ይቺ ልጅ በመስኮቷ ፈጀችን።»

«ተከሳሽ ትነሳ!» አለ በኃይሉ። ሰዉ አጨበጨበ።

እፀገነት ወንበሯን ጨብጣ ቀረች። «ተነሺ እንጂ፣ ጨዋታ ነው!» አሏት ከዚህም ከዚያም። ጥሩሸዋ ክርኗን ይዛ አስነሳቻት። ነጠላው ወረደ።

የአቶ ወዳጆ ፈገግታ የሚሄድበት ጠፍቶት ፊታቸው ላይ ቆየ።

«የአንዷለም ሚስት አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጋሼ ወዳጆ።»

«መምጣትሽን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«መስኮቱንስ ለምን ከፈትሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ግን ቆማ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያያታል።

«ከኋላ የሚመጣ ካለ እንድሰማ።»

ወንበሮች ሲንቋቁ ተሰማ፤ ሰዉ ወደ ኋላ ዞሮ እየተመቻቸ ነበር። ከፊልሙ ይሻላል፣ አስተርጓሚ አይፈልግም። አፍታ ሳይቆይ አውቶቡሱ ሙሉ ሽማግሌ ሆነ። አንዱ ባልና ሚስት ሳይጋጭ አይኖርም አለ። ሌላው ከተማ ስንቷን እንዳበላሸ አወራ። ለወፎቹ ራሳቸውን ዝቅ ያደረጉት ባልቴት «እኔም ስንቴ ወጥቼ ተመልሻለሁ፣ ልጄ፤ ይኸው አለሁ» አሉ። ባሏ ምን እንዳደረጋት የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ይመስል ነበር።

አቶ ወዳጆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጉሙ ሲገለጥ ከታች የሚወጣ መኪና አይጠፋም። በሱ ትመለሻለሽ። እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። በይ ዋስ ጥሪ።»

«ትጥራ! ደንብ ነው!» አለ ወታደሩ።

«እመለሳለሁ» አለች እፀገነት። ሰዉ ይህን ያህል ቶሎ አልጠበቀም ነበር፤ ቅር ያለውም ነበር። «ዋስ የሚያስፈልገው ግን ለሱ ነው። ዳግመኛ እጁን እንዳያነሳብኝ አንድ ሰው ዋስ ይሁነው፤ አሁኑኑ ወርጄ እመለሳለሁ።»

«እሳቸው አሉ አይደል እንዴ? አጎቱ!» አለ አንዱ።

«ባለፈው ፋሲካም እሳቸው ነበሩ።» ድምፅዋ የከሳሽ አልነበረም፤ ዕለቱን ለጠየቃት ሰው የምትነግር ትመስል ነበር። ግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ደግፋ ይዛለች፤ ከሰኔ ወዲህ ደህና አድርጎ አይታጠፍላትም። «ጋሼ ወዳጆ፣ እንደገና ዋስ ይሆኑታል? ይሁኑትና እመለሳለሁ። እውነቴን ነው።»

አቶ ወዳጆ ለሰው ዋስ ሆነው፣ ሰውየው ሲጠፋ የእርሻ በሬያቸውን የከፈሉ ናቸው። ቃላቸውን አገር ያውቀዋል፤ እሳቸውም ያውቁታል። ክንዷን አዩ።

«የፋሲካው ዋስ ምን ከፈለ?» አለች ጥሩሸዋ። ነጋዴ ናት፤ ለማወቅ ያህል ነበር የጠየቀችው። «ዋስ ሲጎድል ይከፍላል አይደል?»

«ጉሙ እየተገለጠ ነው» አሉ አቶ ወዳጆና ተቀመጡ።

አልተገለጠም ነበር። ቢሆንም ሰዉ ሁሉ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ፤ ምንም የማይታይበትን መስታወት እየጠረገ። ሌላ ፕሮግራም የጠየቀ አልነበረም። እፀገነት ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ግን ወደ ፊቷ አልመለሰችውም።

በኋላ ጉሙ የእውነት ሳሳ። በመጀመሪያ ገደሉ፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከዚያ የጓሳው ሣር ላይ የተቀመጡ ጭላዳዎች ታዩ፤ እነሱም አውቶቡሱን ያያሉ። ዳኜ ሞተሩን ሲያስነሳ ከታች ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ አይሱዙ እያጓራ መጣ፤ መንገዱ ስለሚጠብ አጠገባቸው ቆመ። የአይሱዙው ሾፌር በእፀገነት መስኮት ቀዳዳ በኩል ጮኸ።

«ተመላሽ አለ? ጋቢና ባዶ ነው!»

አውቶቡስ ሙሉ ሰው እሷን አያያትም፤ የአቶ ወዳጆን ማጅራት ነው የሚያየው። እሷም ወደዚያው አየች። ጠበቀች። አቶ ወዳጆ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን ሲመረምሩ ቆዩ፣ መልሰው አጠለቁት፣ ፊታቸውን ግን ወደ ኋላ አላዞሩም።

«አለ ወይ?» አለ ሾፌሩ ደግሞ።

እፀገነት የመስኮቱን እጀታ ያዘች። ዝጎ ተጣብቋል፤ በአንድ እጅ አልሄድ አላት፣ ግራዋም አልታዘዝ አለች። ጥሩሸዋ የቅቤ ቅሏን መሬት አስቀምጣ በላይዋ ተንጠራራችና አብራት ገፋች። መስኮቱ እየተንሲጠጠ ሄዶ ግጥም አለ።

«ከጠዋት ጀምሮ እኮ ዝጊው ስልሽ ነበር» አለች ጥሩሸዋ፣ እጇን ከመስኮቱ ሳታነሳ።