የተሸፈነው እራት

በሥዕል አዳራሻችን ውስጥ ሰው አብዝቶ የሚቆምበት ሥዕል ጥቁር ጨርቅ የለበሰው ነበር። እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ እዚያ ስደርስ "ይሄኛው ጥገና ላይ ነው" ብዬ እንዳልፍ ታዝዣለሁ። እላለሁ፤ ጎብኚው ግን አይከተለኝም። ጨርቁ ላይ ያፈጣል፣ ከጓደኛው ጋር ይጠቃቀሳል፣ አንዳንዱማ ጭራሽ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ጉድ እኮ ነው፤ ሥዕሉ ተሸፍኖ ያገኘውን ዝና ተገልጦ ቢሰነብት በዕድሜው አያገኘውም።

ሠዓሊዋ አክስቴ ናት። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ ያ ጨርቅ ፊት ቆሜ በዋሸሁ ቁጥር እንደ ቃር ያቃጥለኝ ነበር። ሥዕሉ "እራት" ይባላል። ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ልጆችና ጎልማሶች ግራና ቀኙን ይዘው ተቀምጠዋል። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከፊታቸው ግን ምንም የለም። ሳህኑ ሁሉ፣ ትኩሱ ምግብ ሁሉ የተደረደረው በጠረጴዛው ራስ ላይ በተቀመጠ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰውዬ ፊት ነው። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶናልና ፊቱ አይታይም። የሌሎቹ ዓይን ግን ይታያል። ቁጣ የለበትም፤ "ቆዩ" ተብሎ ቆይቶ ቆይቶ የሰለቸው ሰው ዓይን ነው።

ሥዕሉ ሰው ይሰድባል ተብሎ ከተሸፈነ ቆይቷል፤ ነገር የባሰው ግን አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ ነው። መግቢያው ላይ የሁላችን የበላይ የሆነው የትልቁ አለቃ ምስል ይሣል ተባለ፣ ያን የሚያክል ሸራ ግን ተፈልጎ ታጣ። አንዱ ብልጥ የአክስቴን ሸራ አስታወሰ፤ ይፋቅና ይሣልበት አለ። የሕግ ክፍሉ በበኩሉ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ሥዕሉ ማንን እንደሰደበ ስሙ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይምጣ፣ ካልመጣ ግን ጨርቁ ይነሣ። ትርጉሙን የሚፈታ ኮሚቴ ተሰየመ፤ አክስቴም ቀርባ እንድታስረዳ ተጠራች፣ እኔም ሥዕሉን አምጥቼ እንዳቆም።

አክስቴ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። "እራት" ከተፋቀ ሌላ "እራት" የለም። ይህን እኔም እሷም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም እንጂ።

በዚያ ጠዋት ጫማዋን እያሰርኩላት ለመንኳት። ሰውዬው ማን ነው ካሉሽ የጥንት ዘመን ሀብታም ነው በይና ገላግዪን አልኳት። እሷ እቴ። "አብስዬ አቀረብኩ፤ ደሞ ላኝክላቸው እንዴ?" አለችኝ። ምላሷን ስለማውቀው መንገዱን ሙሉ ስለምናት ሄድኩ።

የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ክፍሉን ሞልቶታል። ሥዕሉን በጠረጴዛው ግርጌ፣ ከግድግዳው አስደግፌ አቆምኩትና ጨርቁን አነሣሁ። ሰብሳቢው ራስጌ ላይ፣ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አባላቱ ግራና ቀኝ ሆኑ፤ አንድ ፕሮፌሰር፣ አንድ ከጸጥታ ክፍል የመጣ ዝምተኛ፣ አንዲት ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። እኔና አክስቴ ባለጉዳይ ነንና ከሰብሳቢው ኋላ፣ በሩ ሥር ባሉት ወንበሮች ላይ እንድንቀመጥ ተደረግን።

እዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ወረቀትም ይሁን እስክሪብቶ፣ ሻይም ይሁን ውሃ፣ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ሰብሳቢው ፊት ይቀመጣል፤ እሱ በእጁ ካላደለ በቀር ማንም አይነካም። አክብሮት ይሉታል። ሻይ የምታቀርበዋ ሴትም እንደ ደንቡ ብርጭቆዎቹን በሙሉ እሱ ፊት ደርድራ ወጣች።

ሰብሳቢው ግን ንግግሩ ሞቆት ሻዩን ማደል ረስቶ ነበር። ይህ ሥዕል የሚሰድበው ሰው እንዳለ ሕፃን እንኳ ያውቃል አለ። ፕሮፌሰሩ ተቀበለው፤ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ግራጫ ቀለም ታሪክ ሳይቀር ተነተነ፤ ስም ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። የጸጥታው ሰው እሱ የመጣው ለመስማት እንጂ ለመናገር እንዳልሆነ አሳወቀ። በድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ማን ይሰር? ያ ጀርባ የትልቁ አለቃ ነው ብሎ አፉን የከፈተ፣ ሆዳምና ጀርባ ሰጪ ሲያይ አለቃውን የሚያስታውስ እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

ቢቸግረው ሰብሳቢው ጀርባውን እንደሰጠን አክስቴን እርስዎ ይንገሩን አላት። እሷ ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ አልነቀለችም። እኔም አየሁ። ብርጭቆው ሁሉ፣ እንፋሎቱ ሁሉ፣ በዚያ ሰፊ ጀርባ ፊት ተደርድሯል። ግራና ቀኝ ሦስት ሰዎች እጃቸውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቆይቶ ቆይቶ በሰለቸው ሰው ዓይን ይጠብቃሉ። የሰብሳቢው ኮት ደግሞ ግራጫ ነው።

"ልጄ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ" አለችው አክስቴ።

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ብርጭቆዎቹን አየ። ቀና ሲል ሥዕሉ ፊት ለፊቱ ነው፤ እንደ መስታወት። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ከዳት። የጸጥታው ሰው ኮርኒሱን ማጥናት ጀመረ። ሰብሳቢው አባላቱን በየተራ ተመለከተና "ይሄ ሰውዬ ማን ይመስላችኋል?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም እሱን ያዩ ነበር።

ጆሮው ቀላ። ይቆጣል ብዬ የአክስቴን እጅ ያዝኩ። እሱ ግን ተነሣ፣ አንዱን ብርጭቆ አንሥቶ ወደ ኋላ ዞሮ ለአክስቴ አቀበላት፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቶ እስክትጎነጭ ደግፎ ያዘላት። ከዚያ ሌሎቹን ለአባላቱ አደለና ለጸሐፊዋ "ጻፊ። ኮሚቴው ሰውዬውን መለየት አልቻለም" አላት። ፕሮፌሰሩ፣ ሞኝ አይሙት፣ ሁላችንም እናውቀው የለም ወይ ማለት ጀመረ። ሰብሳቢው ስሙን እንዲያስመዘግብ በትሕትና ጋበዘው። ፕሮፌሰሩ ሻዩን ቀዝቃዛውን ጠጣ።

እንዲህ ነው "እራት" ነፃ የወጣው። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሥዕሉን በእጄ ሰቀልኩት፣ ሲሰቀልም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

አሁን ጎብኚ ትርጉሙን ሲጠይቀኝ ማን ይመስልዎታል ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። አንዷ የባሏን ወንድም አገኘችበት። አንድ ሹፌር ቀጣሪውን አየና እስኪያነባ ሳቀ። አንዲት ተማሪ ታላቅ ወንድሟን ከቤት ድረስ ጎትታ አመጣችው። ትልቁን አለቃ ያዩትም ሞልተዋል፤ እነሱን የማውቃቸው ምንም ስለማይሉ ነው፣ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ሰብሳቢው ራሱ አንድ እሑድ ከሚስቱ ጋር መጣ። ሚስቱ ትንሽ ቆማ፣ ሠዓሊዋ ኮትህን የት አየችው አለችው።

ጥቁሩን ጨርቅ አክስቴ ጠይቃ ወሰደችው፤ ብሩሽ ልትጠርግበት መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ እራት ጠራችን፣ ጎረቤቱን፣ ጸሐፊዋን፣ ሻይ የምታቀርበዋን ሴት ሳይቀር። ጨርቁ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ጠረጴዛዋ ላይ ተነጥፏል። ሳህኖቹን በሚንቀጠቀጥ እጇ አንድ በአንድ አምጥታ መሃል ላይ፣ ሁሉም እጁ በሚደርስበት አስቀመጠቻቸው። ማንም ቆዩ አላለንም።