ፈቃድ የሚገባው ሰው

እኔ የብስኩት ፋብሪካ ሰርቪስ ሾፌር ነኝ። ጠዋት ሠራተኛውን ከእንጅባራ ሰፈሮች ለቅሜ አመጣለሁ፣ ማታ መልሼ እበትናለሁ። ያን ቀን የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ደግሞም ያናድደኛል።

የሰው ኃይል ኃላፊያችን ምሥራቅ ትባላለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ለወላዶች የሕፃናት ማቆያ ክፍል ያሠራችው፣ ማሽን ጣቱን ለቆረጠው ሠራተኛ ካሳ እንዲከፈል የተሟገተችው እሷ ናት። ችግሯ ደንብ መውደዷ ነው፤ ስትወድ ደግሞ ለጉድ ነው። ድሮ ለቀብር ብሎ የሚቀርን ሰው የሚጠይቀው አልነበረም። የእኛ ሰው ታዲያ ልክ አያውቅም፤ በአንድ ክረምት አንዲት አክስቱን ሁለቴ የቀበረ ጎረምሳ ነበረን። ምሥራቅ ይህን ስትደርስበት አዲስ ደንብ ለጠፈች፦ የሐዘን ፈቃድ ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ፣ እሱም ከቀበሌ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ማስረጃ ሲመጣ። ለጎረቤት ቀብር የሚሄድ ደግሞ ከዋዜማው ያስታውቅ። ከዋዜማው! ሞት ቀጠሮ የሚያስይዝ ይመስል።

ስልክም በሥራ ሰዓት በር ላይ ይቀመጥ አለች። የራሷንም ጠዋት ጠዋት ለጥበቃው ለአባ ባንተአምላክ አስረክባ ነው የምትገባው። በዚህስ አላማትም።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ጎማ ስፈትሽ አባ ባንተአምላክ በእጃቸው ጠሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የምሥራቅ ስልክ ከሳጥኑ ውስጥ አልቋረጥ ብሎ ሲጮህ አንሥተውት ኖሯል። የደወለው ታላቅ ወንድሟ ደርበው ነበር፤ በአውንጊ ቋንቋ ነው የተነጋገሩት።

«አባቷ አርፈዋል» አሉኝ። «አያ ገበየሁ። ደህና አምሽተው ተኝተው ጠዋት አልተነሡም።»

ክው አልኩ። አያ ገበየሁ የአዲስ ቅዳም አካባቢ ፈረሰኛ ናቸው። ባለፈው ጥር በፈረሰኞቹ በዓል በዳማ ፈረሳቸው ላይ ሽማግሌው ሲጋልቡ አይቼ እጄ እስኪቃጠል አጨብጭቤላቸው ነበር።

«ቀብሩ ዛሬ ነው» አሉ አባ። «ልጅቱ እስክትደርስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ ካህናቱ አይቆዩም። ይዛችኋት ኑ፣ ግን እንዳትነግሯት ብሏል።»

«ነግረናት እንሂድ እንጂ አባ! ምን ያስጠብቀናል?»

«ቢሮ ውስጥ? ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር? እንዲህ ያለ መርዶ የት አገር ነው ያየኸው? ወንድሞቿ ደግፈው ይያዟት። የእኛ ሥራ ደጃፏ ማድረስ ነው።»

ልክ ናቸው። ግን ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ሄዷል፤ መኪና ከግቢ የሚወጣው በምሥራቅ ፊርማ ነው። ስለዚህ ተመካከርን፦ አዲስ ቅዳም ቀብር አለብን ብለን ፈቃድና መኪና እንጠይቃታለን፣ እሷንም አግባብተን እንወስዳታለን።

መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛዋን ስሜነሽን ላክናት። «አጎቴ ሞተ» ብላ ገባች፤ «ማስረጃ አምጪ» ተብላ ወጣች። ቀጥላ ከማሸጊያ ክፍል ማናለብሽ ገባች። እሷም የረባ ውሸት አጥታ «አጎቴ» አለች። ምሥራቅ ሳቀች።

«መቼ ነው ከስሜነሽ ጋር እህትማማች የሆናችሁት?»

ምሳ ሰዓት አለፈ። እኔ ራሴ ገባሁ።

«ምሥራቅ፣ መኪናዋን ለአዲስ ቅዳም ፍቀጂልኝ። አንቺም ፋብሪካውን ወክለሽ ብትመጪ ደስ ይለናል። የሞቱት ትልቅ ሰው ናቸው።»

«ጋሽ ወገኔ፣ እርስዎም?» አለች፤ ከልቧ አዘነችብኝ። «ዛሬ ባላላው ነገ ፋብሪካው ባዶ ነው። ደንቡን ለአንድ ሰው ብዬ አላወጣሁትም።»

ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ትዕግሥታችን አለቀ። ሁላችንም ተያይዘን ገባን። አባ ባንተአምላክ እንኳ በሩን ትተው መጡ፤ ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ምሥራቅ ብድግ አለች።

«አድማ ነው?»

«ቀብር ነው፣ ልጄ» አሉ አባ።

«ሟቹ ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?»

«ምኔም አይደሉም።»

«ላንቺስ፣ ስሜነሽ? እውነቱን ተናገሪ።»

ስሜነሽ አንገቷን ደፋች።

«እንግዲያው ከዚህ ሁሉ ሰው የሟቹ ቤተሰብ ማን ነው? ለእሱ ሦስት ቀን ከነደመወዙ ይገባዋል፤ መኪናም እሰጠዋለሁ። እኔኮ የሚገባውን ሰው ከልክዬ አላውቅም።» የፈቃድ ወረቀት ሳበችና እስክሪብቶ አነሣች። «ስሙን ንገሩኝ።»

እርስ በርስ ተያየን።

«ስም እኮ ነው የጠየቅኋችሁ!»

ሁላችንም ወለል ወለሉን አየን። ስሜነሽ ሲቃ ሲተናነቃት አፏን በነጠላዋ አፈነች። ምሥራቅ አንድ በአንድ አየችን። የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች። ከዚያ አባ ባንተአምላክ በሁለት እጃቸው የያዙትን የራሷን ስልክ አየች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

«አባ» አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ልጅ ሆነ። «አባቴ ደህና ነው?»

«ትንሽ ደከም ብሏቸዋል» አሉ።

ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለን ነበር። ዝም ብላ ወጥታ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች።

መንገዱን እንዴት እንደነዳሁት እግዜር ይወቀው። ፊቴ የተደነቀረው ጋሪ፣ ዳር ላይ የተደረደረው የከሰል ጆንያ፣ ሁሉም አውቆ የሚያዘገየኝ መሰለኝ። ከአዲስ ቅዳም አልፈን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ኮረኮንች ስንታጠፍ ፈረሶች አየን። ፊታቸው ወደ እኛ ነው። ፈረሰኞቹ ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ። ከሁሉም ፊት ዳማው ፈረስ ሰው ያልተቀመጠበት ኮርቻ ተጭኖ በልጓሙ ይሳባል።

እየተመለሱ ነበር።

መኪናው ሳይቆም ምሥራቅ በሩን ከፍታ ወረደች፤ የፈረሱ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ያኔ ጮኸች። ደርበው ከሰዉ መሐል እየሮጠ መጣ፤ ግን የተቆጣው እኔን ነው።

«ወገኔ! በረፋዱ ደውዬ! ካህናቱን እግራቸው ላይ ወድቄ ነው ያቆየኋቸው! አባቷን አፈር ሳታለብስ፣ ምን ያዛችሁ?»

አባ ባንተአምላክ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምሥራቅ ፊቷን ከፈረሱ አንገት ቀና አደረገች።

«እነሱን ተዋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ፈቃድ ሲለምኑኝ ነው የዋሉት» አለችው። «የከለከልኋቸው እኔ ነኝ።»

ደርበው ምን እንዳለችው አልገባውም። አንዴ እኛን አንዴ እሷን አየ፤ ሊያስረዳው የደፈረ ግን ከመካከላችን አልነበረም።