ከበሩ ወዲያ

«እጅሽን ከኪስሽ አውጪ እንጂ፤ ሰዎቹ ሊጨብጡሽ ነው የመጡት» አለቻት ሚሪ በዕብራይስጥ።

እማዋይሽ እጇን አወጣች። ትናንት ያቦካችው ሸክላ ከጥፍሯ ሥር አልለቀቀም። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከኢትዮጵያ ጎዳና እልፍ ብሎ ባለ የድንጋይ ቤት አዳራሽ ውስጥ የሴት እስረኞቹ ሥራ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ተደርድሯል። ከራምላ ወህኒ ቤት ለዚህ ቀን ፈቃድ ያገኘችው ግን እሷ ብቻ ነበረች፤ ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማለች። ሚሪ የሸክላ መምህርታቸው ናት። ለተንጋደደ የሲጋራ መተርኮሻ እንኳ የምታጨበጭብ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ አንዳንዴ ያደክማል።

የእማዋይሽ ሥራዎች ዘጠኝ ትናንሽ አሮጊቶች ነበሩ፤ ሁሉም ጓዛቸውን አዝለው ይራመዳሉ። ጎብኚዎቹ ጎንበስ እያሉ ያዩና «ኮል ሃካቮድ»፣ ጎበዝ እያሉ ያሞግሷታል። ባመሰገኗት ቁጥር እፍረቷ ይብስባታል። ዘጠኙም አማቷ ሸዋነሽ ናቸዋ።

ሸዋነሽ ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል በመጡ በአሥረኛው ዓመት አእምሯቸው ከዳቸውና ኢየሩሳሌም መድረሳቸውን ረሱ። በየማለዳው ጓዛቸውን ቋጥረው ቃታሞኒም ሰፈር ካለው ፎቃቸው ይወርዱና «ኢየሩሳሌም በየት በኩል ነው?» እያሉ መንገደኛ ይጠይቃሉ። ሁለት ጊዜ ፖሊስ ወደ ቤት መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ እማዋይሽ ወደ ጽዳት ሥራዋ ስትወጣ በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀመረች። አንድ የጥር ጧት የማሞቂያው እሳት መጋረጃውን ያዘው፤ ሸዋነሽ እንደተቆለፈባቸው ሞቱ።

ለዳኛው «ተኝተው ነበር፤ ቆልፌ ወጣሁ» አለች። ሦስት ዓመት ተፈረደባት። ባሏ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አልፈለገም፤ ልጇ ረዑትም የባሏ እህት እናና ዘንድ ቀረች። አሁን ከአሥር ቀን በኋላ የአመክሮ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ሽማግሌዎች እናናን ደጅ ጠንተው ጠንተው የይቅርታ ደብዳቤ እንድትጽፍ አስማምተዋታል። ደብዳቤው ከገባ እማዋይሽ ለፋሲካ ከልጇ ጋር ናት። እናናም ደብዳቤውን ይዛ ዛሬ እንደምትመጣ ተነግሯታል።

መጣችም። ሰላም ሳትል ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አንዷን ሸክላ አነሣችና አገላብጣ አየቻት፤ በጥፍር የተጫረውን የአንገት መስመር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄ የእማዬ እጅ ነው» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ።

«እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

እናና ዓይኗን ጠርጋ ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች።

«እንኪ፤ ለቫዓዳው፣ ለኮሚቴው ስጭያቸው። ሽማግሌዎቹ ስለለመኑኝ ብቻ እንዳይመስልሽ። እማዬ እንቅልፍ ላይ ሆና ነው፣ ምንም ሳታውቅ ነው ብዬ ነው የተጽናናሁት። እሱ ባይሆን አንጀቴ አይችለውም ነበር።»

እማዋይሽ እጇን ዘረጋች። ተቀብላ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ሚሪ፣ ምላስ የከበደውን ጭቃ ያወጣዋል ትል ነበር። እማዋይሽም ስምንት ወር ሙሉ አቦክታለች፣ ቀርጻለች፣ አስተኩሳለች፤ በእውነትም ሌሊት መተኛት ችላለች። ያቺ ጧት ግን ንቅንቅ አላለችም። የእናትን ሞት አስውቦ አቅርቦ፣ ከልጅየዋ እጅ ይቅርታ መቀበል ሌብነት መሰላት። እጇን መለሰች።

«ተኝተው አልነበረም» አለች።

እናና ፖስታውን እንደዘረጋች ቀረች።

«ቁልፉን ሳዞር ነቁ። ደረጃው ላይ ሆኜ በሩን ሲደበድቡ ሰማሁ፣ ሲጣሩም ሰማሁ። አውቶቡሱ እየመጣ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወረድኩ። ለዳኛው ዋሸሁ፤ አንቺንም ይኸው እስከዛሬ ዋሸሁሽ።»

አማርኛ የማታውቀው ሚሪ ከአዳራሹ ማዶ ሁለቱን አብረው ቆመው አየቻቸውና ደስ ብሏት እጇን አውለበለበች።

እናና ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሸክላዋን በቀስታ አስቀመጠች። ለመሄድ ዞር አለች፤ አንድ እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ክፈቺልኝ ነበር የምትል?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ነበር የምትል? ንገሪኝ። ከቃሏ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

እማዋይሽ ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለራሷም እንኳ ድምፅ አውጥታ ብላው አታውቅም።

«‹ልጄ፣ ካፖርትሽን ረስተሻል፤ ብርዱ ይገልሻል፣ ተመለሽ› ነበር የሚሉኝ።»