የላምቤቦ በርጩማ

ደግሞስ በርጩማ እንደሆነ በርጩማ ነው፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ በየቤቱ ስንት በርጩማ አለ፣ ሙዚየሙ ሃያ ቢደረድር የትኛው የማን እንደሆነ ማን ያውቃል፣ ማንም፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም፣ ያ አንዱ ሰው ደግሞ እሱ ራሱ ነው፣ ወንጌላዊ ጥሩሰው ላምቤቦ፣ ሰባ ሦስት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አረጋውያን ጋር ሊጎበኝ መጥቷል፣ ማንም ሳያስገድደው። ራሴን አመመኝ ብሎ ቢቀር ማን ይቀየመው ነበር፣ በዚህ ዕድሜ ራስ ማመም መብት ነው። ግን ቀርቶስ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ አሁን አይተውት ይሆን፣ አሁን ስሜን አንብበው ይሆን ሲል ሊውል፣ ከዚያስ ይሄ ይሻላል፣ መጥቶ በዓይን ማየት።

አባቶች ወደዚህ፣ እናቶች ቀስ እያላችሁ፣ ትላለች አስጎብኚዋ፣ ሐዳሳ ነው ስሟ፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል፣ ድምጿ ጥሩ ነው፣ መዘምራን ውስጥ ሳትኖር አትቀርም። የመጀመሪያው ክፍል አዲስ ቀለም አዲስ ቀለም ይሸታል። ይህ ጥንታዊ የእንሰት መፋቂያ ነው ትላለች፣ ጥንታዊ! ሚስቱ ትናንት ቀኑን ሙሉ ስትፍቅበት የዋለችውን ነው የምታወራው፣ እንግዲያው ሚስቱም ጥንታዊ ናት፣ ቁጥር ይለጠፍባትና እዚህ ትቁም፣ ይህን ቤት ገብቶ ቢናገር እራቱን አያገኛትም። ማሰሮ፣ ቅል፣ የቅቤ መናጫ። በርጩማ የለም። ከጥግ እስከ ጥግ አየ፣ የለም፣ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው፣ ወዲያው መልሶ ከበደው፣ ገና ሦስት ክፍል አለ።

ምስክር ነው ጉዱን ያመጣው። ምስክር የእህቱ ልጅ ነው፣ ሙዱላ ነው የሚኖረው፣ ጥሩ ልጅ፣ ክፋት የሌለበት፣ እናቱን ቀብሮ ወር ሳይሞላ ስልክ ደወለ፣ አጎቴ፣ የባህል ቢሮ ሰዎች መጥተው ነበር፣ የእማዬን አሮጌ ዕቃዎች ሰጠናቸው፣ ያንን በርጩማ ጭምር፣ ሆሳዕና ሙዚየም ይቀመጣል አሉን፣ ደስ አይልም? ደስ ይላል፣ አለ፣ ሌላ ምን ይበል። ስልኩን ዘግቶ ረጅም ሰዓት እጁን እያየ ተቀመጠ፣ የሚያቃጥል እጅ ነው ሲባል የኖረ እጁን።

ሃምሳ ዓመት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሆሳዕና እስከ አንጋጫ፣ ከአዳራሽ አዳራሽ ቆሞ መስክሯል፣ አባቴ ላምቤቦ ተቀምጦበት የሚመርቅበትንና የሚረግምበትን፣ አገር የሚፈራውን በርጩማ በገዛ እጄ እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ሃሌሉያ። መጀመሪያ ጣልኩት ብቻ ነበር የሚለው። በኋላ ጭሱ ጠቆረ አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ሲጮኽ ሰማነው አለ፣ እዚህ ላይ እንኳ ውሸት የለበትም፣ ጮኋል፣ እርጥብ እንጨት እሳት ሲነካው ይንጫጫል፣ አዲሎ ገበያ ከጠራቢው እጅ በዚያው ሳምንት የገዛው አዲስ በርጩማ ነበራ፣ ቅቤና ጥላሸት እየቀባ ሦስት ቀን ሲያስረጀው የከረመው። እውነተኛውን እህቱ በኮባ ጠቅልላ፣ ከላይ ጎመን ደርድራ፣ በጀርባዋ አዝላ ሙዱላ አደረሰችው። አንድም ቀን አላነሳችበትም። ሞተች፣ አላነሳችበትም።

ለምን አላቃጠለውም? ማመኑን አምኗል፣ ያኔም አሁንም፣ ለዚያ ጌታ ምስክሩ ነው። ግን አባቱ ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር፣ መቀመጫው ላይ የአባቱ ቅርጽ ነበረበት፣ እንጨቱ ጎድጎድ ብሎ፣ እጁን ሲያሳርፍበት እጁ እምቢ አለው። ይኸው ነው። ይህችን ያኔውኑ ቢናገር ማን ይገድለው ነበር። እሁድ ደግሞ ወጣቶቹ ጠርተውታል፣ አባባ፣ ያቺን የበርጩማዋን ይመስክሩልን፣ በቪዲዮ ይቀረጻል ብለዋል፣ ለዘላለም ይቀመጣል ብለዋል፣ ለዘላለም።

ሁለተኛው ክፍል፣ ጋሻ፣ ጦር፣ የፈረስ ዕቃ፣ መስታወት ውስጥ የቆመ የሙሽራ ልብስ፣ በርጩማ የለም። ጎኑ ያለው አሳምነው ነው፣ አሳምነው ሻሜቦ፣ ጡረተኛ መምህር፣ የሃምሳ ዓመት ጓደኛው፣ ክንዱን ይዞት ይሄዳል፣ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም። ጦሩ ፊት ይቆማል አሳምነው፣ አይሄድም፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያደርጋል። የአባቴ ከዚህ ይረዝም ነበር፣ ይላል። ይረዝም ነበር፣ ይላል ጥሩሰውም፣ ምን ያውቃል፣ ዝም ላለማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ባስቀር ኖሮ ይላል አሳምነው፣ ጨሌውን እንኳ፣ ለልጅ ልጆቼ ይኸው የምለው፣ መቆጨቴ አይደለም፣ ለጌታ ያደረግኩት ነው፣ እንዲያው ሳየው ነው። እንዲያው ሳየው፣ ይላል ጥሩሰው፣ ዓይኑን ከጦሩ አንስቶ።

ምክንያቱም ያን ቀን የአዲሎው በርጩማ ገና መንደድ ሲጀምር የአባቶችን ዕቃ አቃጥሉ ሲል የነበረው ሰባኪ ሌላስ የለም ወይ ብሎ ጮኸ፣ አሳምነው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ተነስቶ ሮጠ፣ አባቱ ሻሜቦ በሕይወት ነበር፣ እርሻ ሄዶ ነበር፣ አሳምነው የአባቱን በርጩማ፣ ጨሌውን፣ የጦሩን ዘንግ ታቅፎ እያለከለከ መጣ፣ ጥሩሰው ካደረገ እኔም አደርጋለሁ አለ፣ እንዲህ ነው ያለው፣ ቃል በቃል፣ ጥሩሰው ካደረገ። ሻሜቦ አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ልጁን አልመታም፣ አልረገመም፣ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ሄዶ ተቀመጠ፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስኪሞት በርጩማ ላይ አልተቀመጠም፣ አዲስ ገዝተው ቢሰጡትም አልተቀመጠም፣ ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ድንጋዩን ቤት አስገብቶ። ጥሩሰው በዚያ ደጅ ባለፈ ቁጥር ሰላም ይለው ነበር፣ ሻሜቦም እግዚአብሔር ይመስገን ይል ነበር። ውሸቱ የእንጨት ውሸት ነው፣ ማንን ጎዳ፣ እያለ ስንት ዓመት ራሱን ሲያባብል፣ ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየው ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ፎቶግራፍ ነው፣ የድሮው መናኸሪያ፣ ጭቃው፣ ጣሪያው ላይ ዶሮ የተጫነበት አውቶቡስ፣ ሽማግሌዎቹ እዚህ ልብ አገኙ፣ ይሄኮ እገሌ ነው፣ የለም ወንድሙ ነው፣ ሳቅ፣ ሐዳሳ ሰዓቷን ታያለች። እዚሁ ቢቀርስ፣ ደከመኝ ብሎ ወንበሩ ላይ። እግሩ ግን ይሄዳል። አይ እግር፣ ደረጃ ላይ እምቢ ይላል፣ ወደዚህ ሲሆን ማንም አይቀድመው።

አራተኛው ክፍል። በሩ ላይ ሽምግልናና እምነት የሚል ተጽፏል።

አለ።

ከተደረደሩት ሰባት በርጩማዎች ሦስተኛው። ገና ከበሩ ነው ያወቀው፣ ልጅ እናቱን ከገበያ መሀል እንደሚያውቃት፣ ሦስቱ እግር፣ ያ ጎድጎድ ያለው መቀመጫ፣ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት የምታህል ጥቁር ጠባሳ፣ አባቱ ትምባሆ ሲያጨስ ከጋያው ፍም ወድቃበት ያቃጠለችው፣ ልጅ ሆኖ ጣቱን እየከተተ ሲጫወትባት ያደገው። እንባው ሊመጣ ነው፣ አባቴ፣ ይላል በሆዱ፣ እዚህ ነህ እንዴ። ቶሎ ወረቀቱን ያነብባል፣ በርጩማ፣ ከጠምባሮ አካባቢ፣ ሙዱላ፣ ሰጪ ምስክር፣ በቃ፣ ላምቤቦ የሚል የለም፣ ጥሩሰው የሚል የለም፣ ምስክር ተባረክ፣ ወሬ የማታበዛ ልጅ። ተረፈ። ትንፋሹ ይወጣል። አሁን ወደ ውጭ፣ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ሻይ።

ይህኛውን ግን ልብ ብላችሁ እዩልኝ፣ ትላለች ሐዳሳ፣ ጠርዙ ላይ የተቃጠለ ነገር አለ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ብዙ ስለተቃጠሉ ይህ ምናልባት ከእሳት የተረፈ ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ አይደለንም።

አሳምነው ክንዱን ጠበቅ ያደርገዋል። ጥሩሰው፣ የአባትህ አይደለም እንዴ? የጋሽ ላምቤቦ! ቤታችሁ ስንት ቀን አይቼዋለሁ! ከኋላ አንዱ፣ የትኛው? ያ ወንጌላዊው ያቃጠለው? ሌላው፣ ጌታ ይገርማል፣ እኛ ስንሄድ አንዱ ከፍሙ ጎትቶ አውጥቶታል ማለት ነው! አንዲት እናት እልል ልትል አፏን ከፍታለች። ሁሉም ዞረው ያዩታል፣ ፊታቸው በርቷል፣ የሚጠብቁት አንድ አዎ ነው፣ አዎ እንኳ አያስፈልግም፣ ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግ ይበቃል፣ ዝም ቢልም ይበቃል፣ እነሱ ራሳቸው ጨርሰውታል፣ ተዘጋጅቶ ቀርቦለታል፣ እሁድ በቪዲዮ፣ ወገኖቼ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ጠባሳውን ይዞ መጣ፣ ወይ ግሩም፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ያምራል፣ ማን ያውቅበታል፣ የምታውቀው አንዲት እህቱ ነበረች እሷም ሙዱላ ተቀብራለች።

የአሳምነው እጅ ክንዱ ላይ ነው። ይሞቃል። ደስ ብሎታል አሳምነው፣ የጓደኛው ዕቃ ስለተረፈ ነው ደስታው፣ እንጂ የራሱማ የለም፣ የራሱ አመድ ነው፣ እና ደስ ብሎታል። ይሄ ነው ጥሩሰውን የሚያስጨንቀው፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ከእሳት የተረፈ አይደለም፣ ይላል።

ድምፁ እንደ መድረክ ድምፁ አይደለም፣ ቀጭን ነው፣ ከኋላ ምን አለ ምን አለ ይላሉ። የጋያ ፍም ነው ያቃጠለው፣ ይላል፣ አባቴ ነው፣ እሳት ውስጥ አልገባም፣ አልከተትኩትም፣ ያቃጠልኩት ከአዲሎ የገዛሁትን ነው። ይህን ደበቅኩት። ዋሸሁ።

የተከፈተው አፍ ይከደናል። ሐዳሳ ብዕሯን አውጥታለች፣ ልጅ አይደለች እንዴ፣ ምን ታውቃለች፣ አባባ፣ መዝገቡ ላይ ልጨምረው? አንዲት እናት ክንዷን ስትነካት ብዕሩን መልሳ ትከታለች። ጥሩሰው የሚያፍር መስሎት ነበር፣ አፍሯልም፣ ጆሮው ድረስ ግሏል፣ ግን እነሱን አይደለም የሚያየው፣ ክንዱን ነው የሚያየው፣ እጁ የለም። አሳምነው ለቆታል።

ይናገር። ይስደበው። አንተ ካደረግክ ብዬ ነው ይበለው፣ አባቴ ድንጋይ ላይ ይበለው፣ ይበለው፣ ሃምሳ ዓመት የጠበቀው ይህን ነው፣ ሳያውቀው ሲጠብቅ ኖሯል።

አሳምነው ግን በርጩማውን ነው የሚያየው፣ ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን ይቆጥራል፣ ጠርዙን ያያል፣ ሳይነካ በእጁ ዙሪያውን ይከተላል። ጥሩሰው፣ ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ ስሙን እንደ ዱሮው ጠርቶ። ባለፈው ሶስና፣ የልጅ ልጄ፣ የቅድመ አያቴን በርጩማ ሳልልኝ አለችኝ፣ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፣ አልመጣልኝም። ልክ በኛ ቤት ያልነበረ ይመስል። የአባቴ ምን ይመስል ነበር? ካንተ ጎን ነው የጣልኩት፣ አጠገቤ ቆመህ ነበር፣ አንተ ታስታውሳለህ።

ጥሩሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ይፈልጋል። እሳቱ አለ፣ ሰባኪው አለ፣ የአሳምነው ቀጫጭን ክንድ፣ የታቀፈው ነገር፣ ነገሩ ምን መልክ ነበረው፣ ከፍ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ቀይ እንጨት፣ ጥቁር እንጨት፣ ጌታ ሆይ አንድ ነገር ስጠኝ፣ ይህን ብቻ፣ ለዚህ ሰውዬ። የሚታየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የአዲሎው በርጩማ ሲሰነጠቅ፣ ከጥላሸቱ ሥር ነጭ እንጨቱ ብልጭ ሲል፣ እሱም ሰው አየው ይሆን ብሎ ሲሰጋ። ሊዋሽለት ይችላል። ቆንጆ ነበር ሊለው ይችላል።

አላየሁትም፣ ይላል፣ የኔ እንዳይታወቅብኝ የኔን ነበር የማየው።