ማዕቀብ የተነሣለት ጆሮ

የጆሮ ባለሙያው ስልኩን ሳይዘጋው ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ እልል አለች፤ የሰው ቀሚስ በአንድ እጅጌው ቀረ። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እገዳው ተነሥቷል! የባሏ የመስሚያ መሣሪያ ገብቷል!

ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። መሣሪያው ባሕር ማዶ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል፤ ግን በውስጡ ያለችው ሚጢጢ ቺፕ ለጦር መሣሪያም ትሆናለች ተብሎ ማዕቀብ ወደተጣለበት አገራቸው እንዳትላክ ተከለከለች። ያኔ ሴትዮዋ፣ "ዝንብ እሽ ማለት የሚደክመው ሰውዬ ሮኬት ይተኩሳል ብለው ነው?" ብላ ሳቀች፤ ማታ ደግሞ አለቀሰች። በዚህ ሳምንት ግን የሕክምና ዕቃዎች ከእገዳው ወጡ፣ ቺፗም ከጦርነት ተሰናበተች።

"እማዬ፣" አለች ልጇ፣ "አሁን ጉድሽ ፈላ። አባዬ ሊሰማሽ ነው።"

እውነቷን ነው። የሴትዮዋ አፍ ድሮም ስለታም ነበር፤ ባሏ መስማት ካቆመ ወዲህ ግን ልጓሙ ጭራሽ ወልቋል። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ፈገግ ብላ፣ "አንተ ዝርክርክ፣ ዛሬም ካልሲህን ወንበር ላይ ጣልከው?" ትለዋለች። እሱም እንደተመረቀ ሰው "አሜን" ይላታል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ከሚስቱ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ስድብ ሊሆን ነው? ሞቼ እገኛለሁ አለች። ከባሏ ጋር ወደ ባለሙያው ስትሄድ፣ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጣፋጭ ጣፋጩን ታጠና ነበር።

ባለሙያው መሣሪያውን ከሹፌሩ ጆሮ ጀርባ አድርጎ ከፈተውና፣ "በሉ እናቴ፣ ያነጋግሯቸው" አላት።

ከባሏ ጀርባ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የቤቴ ምሰሶ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ እንደምን ዋልክልኝ?" አለች፣ ድምጿን አለስልሳ።

ሹፌሩ ፊቱን አጨማዶ ባለሙያውን አየው። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሬዲዮ ጣቢያ ይስባል እንዴ? የማላውቃት ሴት ገባችበት።"

ባለሙያው ነካ ነካ አደረገው። እሷም እንደገና፣ "የኔ ማር..." ብላ ጀመረች።

"አሁንም ያቺው ናት!" ሰውዬው መሣሪያውን ሊነቅል እጁን ሰደደ። "በቃ፣ ወደ መጣበት መልሱልኝ። ለካ ወደው አይደለም የከለከሉን!"

"አንተ ደረቅ!" ጮኸች፣ ጥናቷ ሁሉ ብን ብሎ ጠፍቶ። "ስንት ደጅ የጠናሁበትን ዕቃ ነው የምትመልሰው? አንተ እንኳን መሣሪያ፣ ደወል ቢንጠለጠልብህ አትሰማም!"

የሹፌሩ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ቆይ፣ እንዳትነካው" አለ ባለሙያውን። "አሁን ሠራ። እሷ ናት።" ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሳቁም አብሮ መጣ። ወንበሩን ወደ ሚስቱ አዙሮ እጇን ያዘ። "እስቲ ድገሚልኝ። ካልሲውንም ጨምሪበት።"

ለካ ከከንፈሯ እያነበበ ነበር አሜን የሚላት። ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች፤ ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆባት፣ እንዲያ እንደ ልብ ሲመጣላት ከኖረው ስድብ አንዱም አልመጣላት አለ።