እርሳሱን ያለፈው ስንጥቅ

ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮንክሪት ስቆርጥ፣ መጋዙ እጄ ላይ ሲዘልና ከፎቅ ጫፍ ላይ ስንጠለጠል አንድም ቀን ጉልበቴ አልከዳኝም። ሰው ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ማለት ግን ሞቴ ነው።

የከተማችን ስታዲየም አያቶቻችን በባልዲ አርማታ እያመላለሱ የገነቡት ነው። አላባማ ውስጥ ከእሱ የቀደመ ብዙ የለም። እንዲታደስ የተወሰነው ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ቡድን ስለመጣልን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኮሌጃችን ፉትቦል እንደ ድሮው ይቀጥላል ተባለ። ፉትቦል ስል በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የኛውን ነው። ችግሩ፣ የእግር ኳስ ሜዳ ከኛው ይሰፋል። ስለዚህ በአራቱም ማዕዘን የታችኞቹ ሦስት የመቀመጫ ደረጃዎች ተቆርጠው መነሳት ነበረባቸው። ቆራጩ እኔ ነኝ።

ክፍል አስራ ሰባት የሚባለው ማዕዘን ላይ ስደርስ መጋዙ ድምፁን ቀየረ። ፌሮ ነክቷል። ንድፉ ላይ ደግሞ እዚያ ቦታ ፌሮ የሚባል የለም። እንዲህ ሲሆን ደንቡ አንድ ነው፦ መጋዙን ታጠፋለህ፣ ፎርማኑን ትጠራለህ፣ መሐንዲሷ እስክትመጣ ቁጭ ትላለህ። አርብ ከሰዓት ነበር፣ ሙቀቱ ሊገድለኝ ደርሷል፤ የድሮ ሰዎች ጥለውት የሄዱት ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል አልኩና ገፋሁበት። ሁለት ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው አውራ ጣቴን ያክላሉ። ቁርጥራጭ አልነበሩም፤ ማዕዘኑን አስረው የያዙ ብረቶች ናቸው። የተቆረጠውን ፊት በዚያው ከሰዓት በሲሚንቶ ለሰንኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ከመቀመጫዎቹ ሥር፣ ማዕዘኑን የተሸከመው አግድም ምሰሶ፣ ቢሙ ላይ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየሁ። እኛ ኮንክሪት ላይ የምንሠራ ሰዎች ስንጥቅ ስናይ ጫፉ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር እናሰምርና ቀኑን እንጽፋለን። ስንጥቁ መስመሩን ካላለፈ ቆሟል ማለት ነው። አሰመርኩ። ቀኑንም ጻፍኩ።

ፎርማኔን ትራቪስን ጠርቼ ስንጥቁን አሳየሁት። ትራቪስ አብሮኝ ያረጀ ሰው ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። «አንተም እኮ ተሰነጣጥቀሃል ኦዴል፣ ማን አሰመረብህ?» አለኝ። መሐንዲሷም መጥታ አየችው፤ አሮጌ ኮንክሪት በሙቀት እንዲህ ያደርገዋል ብላ ፈረመች። ምን ታድርግ? ስንጥቁን አሳየኋት እንጂ ስለ ፌሮዎቹ ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይገባ እዚያ ሥር ገብቼ በባትሪ አያለሁ። መስመሩን አላለፈም። ተመስገን ብዬ እወጣለሁ። የመጀመሪያው የእግር ኳስ ግጥሚያም በሰላም አለፈ። አስራ ሰባት ላይ የተቀመጡት ከሌላ ከተማ የመጡ አርባ የማይሞሉ ደጋፊዎች ነበሩ፤ እነሱም ቡድናቸው ሲሸነፍ ድምፃቸው ጠፋ።

የሚያስፈራኝ የኮሌጁ ባንድ ነበር፤ ጨዋታ ላይ ከመቀመጫው ሆኖ ጥሩምባና ከበሮ የሚጫወተው። እነሱ ሲጫወቱ መቶ ሃያ ሰው እኩል ይወዛወዛል፣ እግር ገጥሞ ይረግጣል። በጎረምሳነቴ እዚያው ከበሮ ስመታ ነው ያደግኩት፤ ከእግራችን ሥር ያለው ደረጃ ሲንቀሳቀስ ደስ ይለን ነበር፣ ጅሎች። አሁን ደግሞ ልጄ ዛሪያ ቱባ የሚባለውን ግዙፍ ጥሩምባ ትነፋለች፣ የቱባዎቹም አለቃ ናት። ባንዱ የተመደበው ግን ማንም መጋዝ ያልነካው ክፍል ዘጠኝ ላይ ነበር። እንቅልፍ የሚወስደኝ ይህችን እያሰብኩ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎች ሁሉ በሚመጡበት በትልቁ ጨዋታ ዕለት ጠዋት ዛሪያ ደወለችልኝ። ክፍል ዘጠኝ ወንበሮቹ ስላልታሰሩ ሌላ ቦታ አዛወሩን አለች።

«የት?»

«አስራ ሰባት። ማዕዘኑ ላይ፣ ሰው ሁሉ ያየናል!»

ዛሬ እንዳትሄጂ፣ አሞኛል በዪ አልኳት። ሳቀችብኝ። በዚህ ቀን ቱባ ነፊ የሚቀረው ከሞተ ብቻ ነው አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ብደውልም አታነሳም፤ ባንድ ሲሰለፍ ስልክ ይሰበሰባል።

ትራቪስ ዘንድ ሄጄ ባንዱን ከአስራ ሰባት አስነሳልኝ አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ያን ቀን አልቀለደም። ተፈርሞበታል፣ የማላውቀው ነገር ካለ ንገረኝ አለ። አፌን ከፈትኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከፍቼ ዘጋሁት። ዝም ብሎ ደስ አላለኝም አልኩ።

ጨዋታው ሲጀመር እኔ ከመቀመጫዎቹ ሥር ነበርኩ፣ ባትሪዬን ስንጥቁ ላይ አድርጌ። ሜዳውን አላየሁም። ከላይ የሕዝቡ እግር ይሰማኛል። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ጥሩምባዎቹ ገቡ፣ ከዚያ የኛ ቡድን አስቆጠረ መሰለኝ ስታዲየሙ ተናወጠ። ባንዱ ተነሳ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። ጠርጌ ሳይ ስንጥቁ እርሳሴን አልፏል። እያየሁት ሄደ፤ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ስንዝር። አፉ ተከፈተና ብርሃን አየሁበት።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ለክሬን ምልክት የምሰጥበት ፊሽካ አንገቴ ላይ ነበር። የባንዱ ሰው ከመሪው ፊሽካ በቀር ማንንም አይሰማም፤ እናቱ ብትጠራው ዞር አይልም። የማቆሚያው ምልክት በኔ ጊዜ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ነበር። ተለውጦ እንዳይሆን እየለመንኩ ባለ በሌለ ትንፋሼ ነፋሁት።

መቶ ሃያ ሰው ጸጥ አለ። ጥሩምባው ሁሉ ባንዴ ወረደ።

መሪው፣ ዴማርየስ የሚባል መለሎ ልጅ፣ በቁጣ ዞረ። እኔም በዚህ ባንድ ከበሮ መትቻለሁ፣ ማዕዘኑ እየለቀቀ ነው፣ ሁሉም ይቀመጥ አልኩት። ባንድ ሲወርድ በከበሮ፣ እግር አስተካክሎ ነው፤ ያንን ደረጃ የሚጨርሰው ደግሞ ያው ነው። «ማንም እንዳይረግጥ» አልኩት። «በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ይውረዱ፣ አንድ ረድፍ፣ አንድ ረድፍ።» ፊቴን አየ። ምን እንዳየበት እንጃ፣ እጁን ዘረጋና ሁሉንም አስቀመጣቸው።

ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው እንደ ሕፃን በቂጣቸው ሲወርዱ ስታዲየሙ በሳቅ ፈነዳ። የተጋጣሚያችን ባንድ ማላገጫ ዜማ ነፋብን። ዛሪያ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች። ቱባውን ጣዪው ብዬ ጮህኩ። አልጣለችም፤ አቅፋው፣ ፊቷ በኀፍረት እንደጠቆረ፣ ደረጃ በደረጃ ወረደች። ስንት ደረጃ እንደቀራት እየቆጠርኩ ነበር፤ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። እግሯ ሣሩን ነካ፤ ሽንቴ እንዳመለጠኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ብዙም አልቆየም። አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማና ማዕዘኑ ግማሽ ክንድ ያህል ሰመጠ፤ ባዶ ወንበሮቹ ወደ ሜዳው አዘነበሉ። ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ሁሉም ከበበኝ። የባንዱ አስተማሪ አቅፎኝ አለቀሰ። ትራቪስ ትከሻዬን ይዞ ይህ ሰው ጀግና ነው ይላል። ዛሪያ ቱባዋን መሬት አስቀምጣ መጣች።

«አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?»

ስንጥቁን ሳየው ቆይቻለሁ ማለት እችል ነበር። ውሸትም አይሆንም።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኳት። «ሁለት ፌሮ። ሰባት ሳምንት ሆኖታል፣ ለማንም አልተናገርኩም።»

ትራቪስ እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳ።

«ጠዋት ስደውልልህ ታውቅ ነበር?»

«አዎ ልጄ።»

«አሞኛል በዪ ያልከው እኔን ብቻ ነው» አለች። አልጮኸችም። «መቶ ሃያ ነን እኮ፣ አባዬ።»

ዴማርየስ ፊሽካውን ነፋ፣ ባንዱ ሣሩ ላይ ተሰለፈ። ዛሪያ ቱባዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቦታዋ ገባች። በከበሮ፣ እግራቸውን አስተካክለው፣ በአጠገቤ አልፈው ወደ በሩ ሄዱ። ዓይኗን ከፊቷ ካለው ልጅ ጀርባ አላነሳችም። ሰልፍ ውስጥ ወደ ጎን አይታይም፤ ይህንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ትራቪስ መሐንዲሷን ሊጠራ ሄደ። እኔም እስክትመጣ ቁጭ አልኩ።